ለካርዱ ሺሕ ብር፣ ለፓወር ሰፕላዩ ፍርፋሪ

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ወጡ መቅጠን፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት ሰዓት፣ ስለ ፈተና ፕሮግራም መደራረብ ብዙ ተጽፏል። የተጻፈው ሁሉ ተገቢ ነው፤ ገናም ይጻፋል። እኛ ግን ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ብዙ ሰው ልብ ስላላለው ስለ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን ከኮምፒዩተሩ ኬዝ ጥግ ተወሽቆ የሚቀመጥ፣ ከኋላው የመብራት ገመድ የሚሰካበት፣ ሲሠራ እንደ ንብ የሚያጉረመርም፣ ስሙም ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ነው። ሥራው ቀላል መስሎ ይታያል፤ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ያወርድና ለእያንዳንዱ የኮምፒዩተር ብልት እንደየድርሻው ያከፋፍላል። በግብር ላይ እንደቆመ አሳላፊ ማለት ነው፤ የሚታወሰው ያጎደለ ዕለት ብቻ ነው።

ለምን አሁን ተነሣ ቢባል፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በደብረ ብርሃን ተማሪዎች ዘንድ ለአሮጌ ኮምፒዩተር አዲስ ግራፊክስ ካርድ መጨመር እየተለመደ ሄዷል። የምሕንድስናው ተማሪ ሕንጻና ድልድይ በሦስት ገጽ ይሥልበታል። የኮምፒዩተር ትምህርት ተማሪው ደግሞ በገብስ ቅጠል ላይ የወጣውን በሽታ ከፎቶግራፍ ለይቶ የሚያውቅ ፕሮግራም ለመመረቂያ ሥራው ያሠለጥንበታል፤ ይህን የመሰለው ሥራ ያለ ካርድ ቀናት የሚፈጀውን በካርድ በሰዓታት ይጨርሰዋል። ሌሊቱን የኳስ ጨዋታ የሚጫወትበትም አይጠፋም፤ እሱንም አንደብቅም፣ አንኮንንምም። ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ላብ ነው። ያንዱ አባት ከመንዝ በጎች ነድተው ገበያ ያወጡለታል። ለሌላዋ እኅቷ ከዐረብ አገር ትልክላታል። የቀሩት አራት አምስት ሆነው ዕቁብ ይጥላሉ። በዚህም ላይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኖ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ አብሮት ወጥቷል። ዛሬ አንድ ካርድ የሚቃጠልበት ተማሪ ሌላ የሚገዛበት ዘመን አይደለም።

ታዲያ ይህን ያህል የተለፋበት ገንዘብ ገበያ ላይ ምን ይሆናል? ልጁ 130 ኪሎ ሜትር ተሳፍሮ አዲስ አበባ ይሄዳል። ስለ ካርዱ ከወር በፊት ጀምሮ አንብቧል፤ ጠይቋል፤ ዋጋ አወዳድሯል፤ በሱቁ ውስጥም ቆሞ አንድ ሰዓት ይከራከራል። ካርዱን ከገዛ በኋላ በኪሱ የቀረችውን ቆጥሮ፣ «ፓወር ሰፕላይስ አለህ?» ይላል። ነጋዴው ከመደርደሪያው ላይ አቧራውን እፍ ብሎ አንድ ቀላል ሣጥን ያወርድለታል። «ይኸው ወንድሜ፣ 500 ዋት ነው፤ ተጽፎ አይታይህም?» ተጽፏል፤ አዎን። ጉዳዩም በዚሁ ያልቃል። ለካርዱ አንድ ሰዓት የተከራከረ ሰው፣ ያን ካርድ ለሚመግበው ሣጥን ግን አንድ ደቂቃ አላጠፋም።

አያቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአንኮበር በታች ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ ጨውና ቡና ይዞ የሚወጣው ነጋዴ፣ ማርትሬዛ ጠገራ ብር ሲሰጠው ዝም ብሎ ከረጢቱ ውስጥ አይጥልም ነበር። የንግሥቲቱን የራስ ጌጥና የትከሻዋን ፈርጥ ያያል፤ ነጠብጣቡን ይቆጥራል፤ የተፋቀ ወይም የደበዘዘ ከሆነ ይመልሳል። በብሩ ላይ የተቀረጸው ዓመተ ምሕረት፣ ብሩ በየትኛውም ዘመን ቢመታ፣ ሁልጊዜ 1780 ስለነበረ፣ ጽሕፈቱ ብቻውን ምንም አይነግረውም። እኛ ፊዚክስ የተማርን ልጆች «500» የሚል ወረቀት ስለተለጠፈ ብቻ ገንዘባችንን እናስረክባለን።

እንግዲህ ጽሕፈቱን እንዴት እንደሚነበብ እንነጋገር። በፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ ሠንጠረዥ አለ። በሠንጠረዡ ውስጥ እያንዳንዱ ቮልት ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ይነገራል። ዛሬ በኮምፒዩተር ውስጥ ብዙ ኃይል የሚበሉት ሁለቱ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ፣ የሚበሉት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር ትታችሁ የ12 ቮልቱን አምፔር ፈልጉና በ12 አባዙት። ለምሳሌ በትልቁ «500 ዋት» ተብሎ ተጽፎ በ12 ቮልቱ ሥር 18 አምፔር ብቻ ካገኛችሁ፣ ያ ሣጥን ለካርዳችሁና ለፕሮሰሰራችሁ የሚሰጠው 216 ዋት ብቻ ነው። የቀረውስ የት ሄደ? ግማሹ አሁን እምብዛም በማንፈልጋቸው በ5 እና በ3.3 ቮልቶቹ ላይ ተቆጥሯል፤ ግማሹም በወረቀቱ ላይ ብቻ የሚኖር ነው። ደኅናው 550 ዋት ግን በ12 ቮልቱ ላይ ብቻውን ወደ 45 አምፔር ያህል ይሰጣል፤ ያም 540 ዋት ነው። ሠንጠረዥ የሌለው፣ ወይም የ12 ቮልቱ አምፔር ያልተጻፈበት ከሆነ፣ ወደ መደርደሪያው ይመለስ። ክርክር አያስፈልገውም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሒሳብ ለአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንኳ ቀላል ነው። ከኤንቪዲያ ካርዶች አንዱ የሆነውን አርቲኤክስ 3060 እንውሰድ። ፋብሪካው 170 ዋት ይበላል ይላል። መካከለኛ ፕሮሰሰር ሲጨነቅ ወደ 100 ዋት ይበላል እንበል፤ ማዘርቦርዱ፣ ዲስኩና ፋኖቹ 50 ዋት ይጨመሩ። ድምሩ 320 ይሆናል። ፋብሪካው ራሱ ግን ለዚህ ካርድ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሲያዩ «ነጋዴ ሊሸጥ ፈልጎ ነው» ይላሉ። አይደለም። ካርዱ 170 ዋት የሚበላው በአማካይ ነው፤ ሥራ በድንገት ሲመጣበት ግን ከሺሕኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከአማካዩ በእጅጉ የሚበልጥ ይጎርሳል፤ በትልልቆቹ ካርዶች ላይ እስከ እጥፍ የደረሰ ጊዜም አለ። ይህን ጉርሻ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ሊሰጥ አይችልም፤ ቮልቱ ይወርዳል፣ ኮምፒዩተሩም ጥቁር ይሆናል። ኢንቴል በፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 ባወጣው ኤቲኤክስ 3.0 በሚባለው ደንብ፣ ከፍ ያሉት ፓወር ሰፕላዮች ለ100 ሚሊዮንኛ ሰከንድ የተጻፈላቸውን ኃይል እጥፍ እንዲችሉ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ፕሮግራሙን ሲያሠለጥን ሁልጊዜ እኩለ ሌሊት ላይ ኮምፒዩተሩ የሚጠፋበት ልጅ፣ ዊንዶውሱን ሦስት ጊዜ እንደገና ከመጫኑ በፊት ይህን ቢያስብ መልካም ነበር።

ስለ አሮጌዎቹ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ለብቻው አንድ ቃል እንናገር፤ ምክንያቱም ከእኛ መካከል ብዙው የሚይዘው እነሱን ነው። በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግለው ወደ እኛ የሚመጡት ዴሎችና ኤች ፒዎች ትንሽ ፓወር ሰፕላይ አላቸው። ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020 በትልቁ ኬዝ 290 ዋት፣ በትንሹ 255 ዋት ነው። ገበያ ላይ ያለው ፓወር ሰፕላይ ባለ 24 እግር መሰኪያ ሲኖረው፣ የዚህ ኮምፒዩተር ማዘርቦርድ የሚፈልገው ባለ 8 እግር ነው፤ ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩን ልለውጥ ያለ ሰው አገናኝ ገመድም መግዛቱ ነው። በትንሹ ኬዝ ውስጥ ደግሞ መደበኛው ፓወር ሰፕላይ ጭራሽ አይገባም። ይህን ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ከቤት ሳይወጡ ማወቅ ይገባል።

ይሁን እንጂ እነዚህን ትንንሽ ሣጥኖች መናቅ አይገባም። እንደ እውነቱ ከሆነ በደኅና የተሠሩ ናቸው፤ 290 ዋት ካሉ 290 ዋት ይሰጣሉ። ስለዚህ አቅሙ ለማይፈቅድ ተማሪ የእኛ ምክር፣ ፓወር ሰፕላዩን ሳይነካ ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ብቻ የሚመገብ ካርድ እንዲገዛ ነው። ያ መሰኪያ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ ጂቲኤክስ 1650 ከሚባለው ካርድ መካከል ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገው ዓይነት በዚህ ልክ ይኖራል። ትልቅ ካርድ በውሸተኛ 500 ዋት ከመንዳት ትንሽ ካርድ በእውነተኛ 290 ዋት መንዳት ይሻላል። ይህን ስንል የሚስቁብን እንዳሉ እናውቃለን። ይሳቁ፤ የኛ ኮምፒዩተር ግን አልጠፋም።

ስለ ገመዶቹ አጭር ማስጠንቀቂያ አለን። ባለ 6 እግሩ የካርድ ገመድ 75 ዋት፣ ባለ 8 እግሩ 150 ዋት እንዲሸከም ታስቦ የተሠራ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ይህ ገመድ ከሌለው፣ ነጋዴው ከዲስክ መሰኪያ ወደ ባለ 8 እግር የሚቀይር ትንሽ ገመድ በርካሽ ይሸጣል። የሳታ ዲስክ መሰኪያ በ12 ቮልት የሚሸከመው 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ነው። በ54 ዋት ቀዳዳ 150 ዋት ሲሳብ የሚሆነውን ለመገመት ምሕንድስና መማር አያሻም፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ገመዱ መጀመሪያ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር ያልወጣ ካርድ፣ ለዚያ ፓወር ሰፕላይ አልታሰበም። ትልልቆቹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም፤ በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 በአዲሱ ባለ 16 እግር መሰኪያው መቅለጥ ምክንያት ብዙ አነጋግሯል፤ ብዙውም ጊዜ መሰኪያው እስከ ጥጉ አለመግባቱ ነበር ምክንያት ተብሎ የተነገረው።

አሁን ወደ አገራችን ጠባይ እንመለስ፤ ይህ ጉዳይ በየትም መጽሔት ሲነሣ ስላላየን ረዘም አድርገን እንናገራለን።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አንኮበርም ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ከቆላ የመጣ አዲስ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ኳስ ሊጫወት ወጥቶ ሲያለከልክ ያላየ የለም። ፓወር ሰፕላዩም ያለከልካል። ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ቁጥሩ ያው ቢሆንም፣ አየሩ ቀላል ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ግን ቸሩ ብርዳችን አለ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚገባው አየር በጅቡቲ ወይም በሰመራ ከሚገባው በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በሙቀት በኩል ያጣነውን ከፊሉን በብርዱ እናገኘዋለን ማለት ይቻላል። ፓወር ሰፕላዩን በጋቢና በብርድ ልብስ ሸፍኖ «እንዳይበርደው» የሚል ሰው ካለ ግን (አይተናልና ነው) እባኩን ይግለጠው።

በብርዱ የማይካካሰው ሌላው ነገር ነው። አየር በኤሌክትሪክ ዕቃ ውስጥ ሙቀት ከማውጣት በቀር ሌላ ሥራም አለው፤ ይኸውም ኃይል ካንዱ ብረት ወደ ሌላው እንዳይዘል ያግዳል። በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ከግድግዳው የመጣው 220 ቮልት ሲቃና ከ300 ቮልት በላይ ይሆናል። ከሱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቆ የኛን ካርድ የሚመግበው 12 ቮልት ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ግድብ ነው። አየሩ ሲሳሳ ግን ግድቡ ይደክማል። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደንብ ይህን ርቀት የሚያሰላው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ ርቀቱ እንዲጨምር ያዝዛል፤ ለ3,000 ሜትር 1.14 ጊዜ። ቻይናም የቲቤት አምባ ስላለባት፣ በ2011 ባወጣችው ደንብ፣ ለ5,000 ሜትር ተሠርቶ ያልተፈተነ ዕቃ ከ2,000 ሜትር በላይ እንዳያገለግል የሚል ምልክት እንዲለጠፍበት አዝዛለች። ምልክቱ ተራራና 2000 የሚል ቁጥር ያለበት ትንሽ ሥዕል ነው። ሱቃችን ውስጥ የሚገኘው ፓወር ሰፕላይ ብዙው ከቻይና ስለሚመጣ፣ ሣጥኑን ገልብጦ መፈለግ ነው።

ይህ ምልክት ያለበት ሁሉ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ይፈነዳል አላልንም። አብዛኛው ዓመታት ይሠራል። ግን ፋብሪካው «እስከዚህ ድረስ ቃሌ ነው» ብሎ ወሰን አስምሯል፤ እኛም ከወሰኑ ውጭ በ700 ሜትር ላይ ተቀምጠናል። ደኅናዎቹ ፋብሪካዎች ርቀቱን ሰፋ አድርገው ስለሚሠሩ እስከ 5,000 ሜትር ተፈትነዋል። ሚሊ ሜትር የሚቆጥበው ግን ስሙ የማይታወቀው ሣጥን ነው፤ ጥራት ማጉደል የሚጀምረው ዓይን ከማያየው ቦታ ነውና። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ብለው ለዚህች ከተማ ስም ሲያወጡላት፣ ብርሃኑ ከኮምፒዩተር ኬዝ ውስጥ እንዲወጣ አስበው አልነበረም።

ሌላው የመብራቱ ነገር ነው። የታላቁ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ደስ ብሎናል። ከግድቡ እስከ ተማሪው ሶኬት ግን ብዙ ሽቦና ብዙ ትራንስፎርመር አለ። ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲያሰማ አምፑሉ የሚደበዝዝበት ሰፈር አለ፤ መብራቱ ሄዶ ሲመለስም ብልጭ ድርግም እያለ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ቀይ ማብሪያ መሰል ነገር ካለ፣ 115 እና 230 የሚል፣ ያ የድሮ አሠራር ነው። በስሕተት ወደ 115 ተገፍቶ የተሰካ እንደሆነ ወዲያው ጢስ ነው። በሠንጠረዡ ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ተብሎ የተጻፈበትን ምረጡ። ይህ ዓይነቱ 220ው ወደ 170 ቢወርድ እንኳ ብዙ አምፔር ስቦ 12 ቮልቱን እንደያዘ ይቆያል። ደኅና የሆነው ደግሞ መብራቱ ለቅጽበት ብልጭ ሲል በውስጡ ባጠራቀመው ኃይል ወደ 16 ሺሕኛ ሰከንድ ያህል ይታገሣል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን የመመረቂያ ጽሑፍ በሚሠራበት ሌሊት ትልቅ ጊዜ ነው። ስታቢላይዘር ጨምሩ የሚሉን አሉ፤ ይጠቅማል፤ ግን መጥፎ ፓወር ሰፕላይን ደኅና አያደርገውም። መብራቱ ሲሄድ ማጥፊያውን መዝጋት፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መክፈትም ይጠቅማል፤ ዋጋውም ምንም ነው።

ኬዙን ሲነኩት ውርር የሚያደርጋችሁ ደግሞ አትደነቁ። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ያለው ማጣሪያ ጥቂት ኃይል ወደ መሬት ሽቦ ይልካል። በከተማው የኪራይ ቤቶች ውስጥ ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ማቀፊያ ብረት እያለው ሽቦው ከኋላ ያልታሰረበት ቤት ሞልቷል። መሄጃ ያጣው ኃይል ኬዙ ላይ ይቀመጣል። ባለ ቤቱን «እትዬ፣ የመሬት ሽቦው ይታሰርልን» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። እምቢ ካሉም ቤት መቀየር ነው።

«እንግዲህ ታዋቂ ስም ያለውን እንግዛና እንረፍ» ለሚሉም መልስ አለን። 80 ፕላስ የሚባለው ምልክት በ2004 የተጀመረ ሲሆን ነሐሱ፣ ብሩና ወርቁ በ2008 ተጨምረዋል። ምልክቱ የሚለካው ፓወር ሰፕላዩ ከግድግዳው ከሳበው ስንቱን ሳያባክን እንደሚያስተላልፍ ነው። 300 ዋት ለመስጠት ባለ 90 በመቶው 333 ዋት ሲስብ፣ ባለ 70 በመቶው ግን 429 ዋት ይስባል፤ 95 ዋት ያህል ልዩነት በሙቀት ይጠፋል። በደብረ ብርሃን ብርድ ሙቀቱ አይጎዳም የሚል ቀልደኛ አጋጥሞናል፤ ቆጣሪው ግን አይቀልድም። ይሁንና ምልክቱ ስለ ቁጠባ እንጂ ስለ ደኅንነት ብዙ አይናገርም። ለዚህም ምስክሩ ሩቅ አይደለም። ጊጋባይት የሚባለው ታዋቂ ፋብሪካ ባለ ወርቅ ምልክት የሆኑ ፒ750ጂኤምና ፒ850ጂኤም የሚባሉ ፓወር ሰፕላዮች ነበሩት። ካርድ በጠፋበት ዘመን አንዳንድ የአሜሪካ ሱቅ ከካርድ ጋር አጣምሮ ይሸጣቸው ነበር፤ ገዢው ካርዱን ፈልጎ እነሱንም ይወስዳል። ሲፈተኑ የሚፈነዱ ተገኙ። በነሐሴ ወር 2021 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ኩባንያው ከተጻፈው ኃይል ከ120 እስከ 150 በመቶ ሲጫን ይዘጋ የነበረውን መከላከያ ወደ 110 እና 120 በመቶ አወረድኩ፣ የቀድሞዎቹንም እለውጣለሁ ብሎ አስታወቀ። ስምም ወርቅም ነበረው። የጎደለው በጊዜው «በቃኝ» ብሎ የሚዘጋ መከላከያ ነበር።

ስለዚህ ስንገዛ ነጋዴውን ስለ መከላከያዎቹ እንጠይቅ፤ ከመጠን ያለፈ ጭነት፣ ከመጠን ያለፈ ቮልት፣ የሽቦ መነካካትና ከመጠን ያለፈ ሙቀት ሲመጣ ራሱን ይዘጋል ወይ? ኃይሉ የተለካው በስንት ዲግሪ ሙቀት ነው? በ25 ዲግሪ የተለካ 500 ዋትና በ50 ዲግሪ የተለካ 500 ዋት አንድ ዕቃ አይደሉም። ዋስትናው ስንት ዓመት ነው፤ በወረቀት ነው ወይስ በቃል? በእጅም ይመዘን፤ ደኅናው ብረትና መዳብ ስላለበት ይከብዳል፤ ምንም እንኳ ክብደት ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም። አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን፤ ከገዛችሁ በኋላ ውስጡን ለማየት አትክፈቱት። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ሰውን የሚገድል ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን የድህነት ነው። «ከእኛ መካከል ኮምፒዩተር የሌለው እያለ፣ እናንተ ስለ ወርቅና ስለ ነሐስ ታወራላችሁ» የሚለን አለ። ቃሉ ያማል፤ እውነትም አለበት። መልሳችን ግን ርካሹን ሣጥን ገዝቶ የሚጎዳው ሀብታሙ አይደለም የሚል ነው። ሀብታሙ ካርዱ ቢቃጠል ነገ ይተካዋል። በበግ የተገዛ ካርድ ቢቃጠል ግን በጎቹም ካርዱም የሉም፤ የመመረቂያ ሥራውም ለሚቀጥለው ዓመት ይሸጋገራል። አምስት ልጆች በዕቁብ የገዙት ሲሆን ደግሞ ጠቡ ሌላ ነው። ስለዚህ የኛ አስተያየት ግልጽ ነው፤ በጀቱ ሲደለደል መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ይገዛ፤ በቀረው ገንዘብ የሚገዛውን ካርድ ይግዙ። ደኅና ፓወር ሰፕላይ ሁለት ሦስት ካርድ ያሳልፋል፤ መጥፎው አንዱንም አያሳልፍ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ግን በየግላችን ብቻ የሚሠራ አይደለም። ከሠንጠረዡ ባሻገር እውነቱን የሚናገረው መለኪያ ነው፤ መለኪያው ደግሞ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጧል። ፓወር ሰፕላዩን በሬዚስታንስ ቀስ በቀስ እየጫኑ 12 ቮልቱ ከ11.4 በታች እንዳይወርድና ከ12.6 በላይ እንዳይወጣ ማየት፣ በኦሲሎስኮፑም ንዝረቱ ከ120 ሚሊ ቮልት እንዳያልፍ መከታተል የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ኅብረቱ ከመምህራኑ ፈቃድ ጠይቆ፣ ከአራተኛና ከአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሁለቱን መድቦ፣ መምህር በተገኘበት፣ ማንኛውም ተማሪ ከመሰካቱ በፊት ሣጥኑን አምጥቶ የሚያስለካበት ሰዓት ቢከፍት ምን ይከብደዋል? የተለካው ሁሉ ሞዴሉ፣ የ12 ቮልቱ አምፔርና የተገኘው ውጤት በመዝገብ ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጠፍ፣ አዲስ አበባ የሚሄደው ልጅ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ይሄዳል። የገዛውንም በሦስት ቀን ውስጥ ካልያዘ መመለስ እንዲችል ከነጋዴው ጋር በጽሑፍ ይስማማል፤ ሃያ ልጆች በአንድነት ቢገዙ ደግሞ ነጋዴው ራሱ ይለምናቸዋል። ጥያቄውን ለኅብረቱ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አስገብተናል። ላቦራቶሪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ይውላል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሣጥኖች እኛ እናመጣለን።